ይበራል እንጂ አይነሣም

በንፋስ መውጫ ከተማ የኮምፒውተር ጥገናን እንጀራው ያደረገ ሰው፣ ከላይና ከታች ጋይንትም ሆነ ከስማዳና ከእስቴ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ የሚመጣው ባለ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰማው አቤቱታ አንድ መሆኑን ፈጥኖ ይለምደዋል፤ ይኸውም «ይበራል፣ ግን አይነሣም» የሚለው ነው። በዚህ አቤቱታ ውስጥ ግን እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ሁለት ብልሽቶች ተጠቅልለው ስለሚመጡ፣ ባለሙያው ካቻቢቴውን ከማንሣቱ በፊት ሊለያቸው ይገባል። በአንደኛው መብራቱ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን እንደ ጠቆረ ይቀራል፤ በሁለተኛው የፋብሪካው ዓርማ በወግ ከታየ በኋላ በጥቁር መደብ ላይ «ኖ ቡታብል ዲቫይስ» የሚል ነጭ ጽሕፈት ይወጣና ነገሩ በዚያው ያበቃል። የመጀመሪያው ማሽን ራሱን መርምሮ ሳይጨርስ የቆመ ሲሆን፣ ሁለተኛው ምርመራውን ፈጽሞ ሥልጣኑን የሚያስረክበው ሥርዓት ያጣ ነው።

ይህ የራስ ምርመራ፣ በሙያው ልሳን «ፖስት» የሚባለው፣ አይ ቢ ኤም በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው የግል ኮምፒውተር ላይም የነበረ ልማድ ነው፤ ማሽኑ ኃይል ሲያገኝ፣ በማዘርቦርዱ ላይ በተተከለች ቺፕ የተጻፈውን ባዮስ የተባለ ፕሮግራም አንብቦ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ የስክሪኑን ክፍልና ኪቦርዱን ይፈትሻል፤ ሁሉም ደኅና ከሆነ ያ የጥንቱ ማሽን አንዲት አጭር ድምፅ ያሰማ ነበር። የዛሬዎቹ ላፕቶፖች በአብዛኛው ጸጥታን ስለሚመርጡ ሕጸጻቸውን የሚገልጡት በመብራት ነው፤ ዴል ለምሳሌ የኃይል መብራቱን በብጫና በነጭ እያፈራረቀ፣ ሌሎቹ ደግሞ የካፕስ ሎክን መብራት እያጠፉና እያበሩ የተበላሸውን ክፍል በአኃዝ ይጠቁማሉ። ባለ ጉዳዩ ይህን ብልጭታ ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው ሳይነግረኝ ያልፋል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ ቁጭ ብዬ የምቆጥረው እርሱን ነው።

ስክሪኑ የጠቆረ ማሽን ሲመጣ በመጀመሪያ በእጅ ባትሪ ስክሪኑን ከጎን አበራዋለሁ፤ የጠፋው የጀርባ ብርሃኑ ብቻ ከሆነ የዊንዶውሱ ምስል ደብዝዞ ይታያልና፣ ማሽኑ ተነሥቶ ሳለ አልተነሣም ተብሎ ተከሷል ማለት ነው። ይህ ካልሆነ ቻርጀሩን ነቅዬ፣ ባትሪውንም አውጥቼ፣ ማብሪያውን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኜ እይዛለሁ፤ መብራት ሲሄድና ሲመጣ በማዘርቦርዱ ውስጥ የቀረ ኃይል እንዲህ ሲያደርጉት ፈስሶ ያልቅና፣ ሞተ የተባለው ላፕቶፕ ባለቤቱ እያየ የሚነሣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ቀጥሎ ራሙ ነው፤ ከማረፊያው አውጥቼ ወርቅ የተቀቡትን ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ በቀስታ አሽቼ፣ ፍርፋሪውን በብሩሽ ጠርጌ፣ ሁለት ከሆኑም አንዱን ብቻ መልሼ እሞክራለሁ። በዚህ በብርዳሙ አገራችን ሌሊቱን በቀዝቃዛ ክፍል ያደረ ማሽን በጠዋት ሰው ወደ ሞላበት ሙቅ ክፍል ሲገባ በውስጡ እርጥበት ሊቋጥር ስለሚችል፣ እንዲህ ያለውን ሳላበራው ጥቂት ማቆየት ልማዴ ነው፤ ለቸኮለ ባለ ጉዳይ ግን ይህ ስንፍና ይመስለዋል።

በዚሁ በጋይንት፣ በቤተልሔም የድጓ ትምህርት ቤት፣ መምህሩ ተማሪው የሚያዜመውን ከመነሻው እያዳመጠ የሳተባትን ምልክት ሲያገኝ ያቃናታል እንጂ፣ ስለ አንዲት ስሕተት ድጓው ሁሉ ተፍቆ እንደ ገና ይጻፍ አይልም። በእኛ ሙያ ግን ይህን የሚሉ ሞልተዋል፤ ማሽን አልነሣ ባለ ቁጥር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ፍርድ ያለ ምርመራ ይሰጣል። ፎርማት ማድረግ አንዳንድ ጊዜ ማሽኑን እንደሚያስነሣ አልክድም፤ ነገር ግን የቆመበትን ምክንያት ሳይገልጥ በዲስኩ ያለውን መዝገብ ይደመስሳል፤ ምክንያቱ ከዲስኩ ውጭ የሆነ እንደ ሆነም ደምስሶ ሳያስነሣ ይቀራል። ዊንዶውስ በየሱቁ ይገኛል፤ የቀበሌ መዝገብና የሰበካ ጉባኤ ሒሳብ ግን ከዚያች አንዲት ዲስክ በቀር የትም ላይገኝ ይችላል።

ዓርማው ታይቶ የሚቆመው ማሽን ነገር በእኛ ከተማ የተለየ ሐተታ አለው። አሮጌዎቹ ላፕቶፖች የሚይዙት ሀርድ ዲስክ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ ያለው ሲሆን፣ ጽሕፈቱን የሚያነበው ራስ ሰሌዳውን ሳይነካ፣ ሽክርክሪቱ በሚያስነሣው አየር ተደግፎ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ላይ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህም ዲስኩ ከውጭው አየር ጋር የሚገናኝባት፣ በማጣሪያ የተከደነች ትንሽ ቀዳዳ አለችው። አምራቾቹ ዲስኩ በሥራ ላይ ሳለ ሊያልፈው የማይገባውን ከፍታ ብዙውን ጊዜ በ3,048 ሜትር፣ ይኸውም በ10,000 ጫማ ይወስኑታል። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን አልፋ የተቀመጠች፣ የአየሩም ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ የሆነባት ከተማ ናትና፣ ዲስኮቻችን ውለው የሚያድሩት በዚያው ድንበር ላይ ነው። የሚደግፈው አየር ሲሳሳ ራሱ ወደ ሰሌዳው ይቀርባል፤ የፋኑም ነፋስ በስስ አየር ስለሚሠራ ሙቀቱን በቆላ እንደሚያወጣው አያወጣም። የተበላሸውን ዲስክ ሁሉ በከፍታው ላይ አላሳብብም፤ ሳይጠፋ በቦርሳ ተከትቶ፣ እየተሽከረከረ በመኪና ሲንገጫገጭ መጥቶ የተጎዳው ብዙ ነው። ሆኖም ኤስ ኤስ ዲ የተባለው የዲስክ ዓይነት የሚሽከረከርም የሚንሳፈፍም አካል ስለሌለው፣ ዋጋው ከበደን ለሚሉኝ ሁሉ እርሱ እንደሚሻላቸው ከነምክንያቱ እነግራቸዋለሁ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ደጋግሞ ማብራት ሰሌዳውን ማስፋቅ ስለሆነ፣ ባለቤቱ «እስቲ አንዴ ሞክረው» ቢለኝም ወዲያው አጠፋዋለሁ።

ዲስኩ ፍጹም ደኅና ሆኖ ሳለ የማይነሣም አለ። በ1983 እ.ኤ.አ. ከፒ ሲ ዶስ 2.0 ጋር በመጣው ሥርዓት የዲስኩ መክፈቻ 512 ባይት ብቻ ነው፤ 446ቱ የመነሻ ትእዛዝ፣ 64ቱ የክፍልፋዮች ሰንጠረዥ፣ የቀሩት 2ቱ ባዮስ የሚያውቃቸው ማኅተም ናቸው፤ ይህች ማኅተም ከጠፋች ሥራው ሁሉ በሰላም ተቀምጦ ሳለ ማሽኑ የሚነሣበት የለኝም ይላል። ኋላ የመጣው ዩ ኢ ኤፍ አይ የተባለው የአነሣስ ሥርዓት የመነሻውን ፕሮግራም በተለየ ክፍልፋይ ውስጥ በፋይል መልክ ስለሚያስቀምጥ፣ በአሮጌው ሥርዓት የተጫነ ዊንዶውስ በአዲሱ ብቻ ተነሣ ቢባል አይነሣም።

ሰኔ ላይ ከስማዳ የመጡ አንድ መምህር ያመጡት ላፕቶፕ ነገሩ ይኸው ነበር። ሌላ ቦታ «ዊንዶውሱ ጠፍቷል፣ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» ተብለው፣ የተማሪዎቻቸውን ሮስተር አስበው እሺ ሳይሉ ቀርተዋል። «መምህር፣ ሮስተሩ ሌላ ግልባጭ አለው?» ብላቸው፣ «በወረቀት የወጣው የመጀመሪያው መንፈቅ ብቻ ነው፤ የሁለተኛው እዚሁ ነው ያለው» አሉኝ። ወደ ባዮሱ ስገባ ሀርድ ዲስኩ ከነስሙና ከነመጠኑ ተጽፎ አገኘሁት፤ ዓይኔን የያዘው ግን በጥግ በኩል ያለው ቀን ነው፤ ማሽኑ ወደ ተሠራበት ዘመን ተመልሷል። ከፍቼ ሲ አር 2032 የምትባለውን፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላትን ክብ ባትሪ ስለካት፣ 3 ቮልት መስጠት ሲገባት ከ2 በታች ወርዳለች። በአሮጌ ማሽኖች ይህች ባትሪ ስትደክም የሚጠፋው ቀኑ ብቻ ሳይሆን በባዮሱ የተመረጠው ሁሉ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለሳል፤ የዚህኛው የፋብሪካ ምርጫ ዩ ኢ ኤፍ አይ ሲሆን የመምህሩ ዊንዶውስ ደግሞ ሌጋሲ በተባለው በአሮጌው ሥርዓት የተጫነ ነበር። ባትሪዋን ለውጬ ምርጫውን ወደ ሌጋሲ ብመልሰው ዊንዶውሱ ተነሣ፤ ሮስተሩንም ከሁሉ በፊት እርሳቸው እያዩ በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩላቸው። ቀኑን ራሳቸው እንደሚያስተካክሉት ነግረውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ደውለው «ማሽኑ ደኅና ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል እያለ እምቢ አለኝ» አሉኝ። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር 2017 ብለው ሞልተውታል፤ ድረ ገጾች የሚያቀርቡት የምስክር ወረቀት ደግሞ የሚጸናው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ በማሽኑ ዘንድ ገና ያልተወለደ ሰነድ ሆኖ ተገኝቷል። በስልክ እየነገርኳቸው ስምንት ዓመት ጨምረው፣ ወሩንና ቀኑንም በፈረንጅ አድርገው ሲያስገቡት ገጹ ተከፈተ፤ በሮስተሩ ላይ የጻፉትን የእኛን ቀን ግን ከዚህ ጋር አብረው እንዳይለውጡት አደራ አልኳቸው።