«ቨርባል»ን ሳይፈሩ መተዋወቅ

ዲግሪውን ይዞ ቢቸና የሚያስተምር፣ ፍኖተ ሰላም ባንክ ቤት የሚሠራ ወይም ደጀን ጤና ጣቢያ የሚያገለግል ወጣት ማስተርስ ልማር ብሎ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠብቀው የመግቢያ ፈተና ነው። ድሮ ዩኒቨርሲቲዎች አመልካቾቻቸውን በየራሳቸው መንገድ ይመዝኑ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን ትምህርት ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ተፈታኞች «ጋት» ይሉታል። የሚለካውም ሦስት ነገር ነው፦ በቃልና በምንባብ ማሰብን፣ በቁጥር ማሰብንና የትንተና ችሎታን።

የመጀመሪያው ክፍል «ቨርባል» ይባላል። ልጅነቱን በአማርኛ የተማረ ሰው «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ብሎ ገና ሳይጀምር ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሺህ ቃላት የተደረደሩበት ሀንድአውት ኮፒ አስደርጎ ሌት ተቀን ይሸመድዳል። ሁለቱም ፈተናውን በቅጡ ካለመተዋወቅ የሚመጡ ናቸው። ቨርባል በእንግሊዝኛ ይቅረብ እንጂ ዋናው ጥያቄው «ይህ ዐረፍተ ነገር ምን አለ? ምንስ አላለም?» የሚል ነው። ይህ ደግሞ በሥራ የሚለመድ ችሎታ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ፈተና ዕድሜው ረጅም ነው። ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች የሚያመለክቱ ልጆቻችን የሚያውቁት ጂአርኢ እ.ኤ.አ. በ1936 በሃርቫርድ፣ በዬል፣ በፕሪንስተንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች በሙከራ ተጀመረ። አሁን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ አጥሮ በ1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ የሚያልቅ ሆኗል። የቨርባሉ ድርሻ 27 ጥያቄ ሲሆን ሰዓቱ 41 ደቂቃ ነው፤ መጀመሪያ 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ ይሠራል። ውጤቱ ከ130 እስከ 170 ባለው መለኪያ ይሰጣል። የጂአርኢ አሠራር በዝርዝር የታወቀ ስለሆነ ለአገር ውስጡ ፈተና የሚዘጋጅም ሰው ሊማርበት ይችላል።

የጂአርኢ የቨርባል ጥያቄዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ክፍት ቦታ መሙላት ነው። ክፍት ቦታው ከአንድ እስከ ሦስት ሊደርስ ይችላል፤ ሁሉም በትክክል ካልተሞላ ነጥብ የለም። ሁለተኛው ለአንድ ክፍት ቦታ ከስድስት አማራጮች ሁለት እንዲመረጡ ይጠይቃል፤ ሁለቱም ቃላት ዐረፍተ ነገሩን አንድ ዓይነት ትርጉም ሊያሰጡት ይገባል። ሦስተኛው ምንባብ ሲሆን የጥያቄዎቹን ግማሽ ያህል ይይዛል። ጂአርኢ ተቃራኒ ቃል ፈልግና የቃላት ዝምድና የሚባሉትን ጥያቄዎች እ.ኤ.አ. በ2011 አስወጥቷቸዋል፤ ቃል ለብቻው ተነጥሎ ከሚጠየቅ ይልቅ በዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚሠራው ሥራ እንዲመዘን ተፈልጎ ነው።

ክፍት ቦታ መሙላት እንዴት እንደሚሠራ በአማርኛ ማየት ይቻላል። «የመምህሩ ንግግር ቁጥብ ቢሆንም፣ ለደቀ መዛሙርታቸው የሚጽፉት ደብዳቤ ግን ______ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር እንውሰድ። አማራጮቹ «አጭር»፣ «ቅን»፣ «የተንዛዛ» እና «ጥንታዊ» ይሁኑ። «አጭር» የሚለው «ቁጥብ»ን ስለሚመስል ዓይን ይስባል፤ «ቢሆንም» እና «ግን» ግን ተቃራኒውን ፈልግ ብለው ያዛሉ። «ቅን» ለመምህር የሚገባ ቃል ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ስለ ቅንነት ያነሣው ነገር ግን የለም። መልሱ «የተንዛዛ» ነው። አሁን ደግሞ «ንግግራቸው ቁጥብ እንደሆነ ሁሉ ደብዳቤያቸውም ______ ነው» ብለን እንለውጠው። አማራጮቹ እነዚያው ናቸው፤ መልሱ ግን «አጭር» ሆነ። መልሱን የለወጠው ከባድ ቃል ሳይሆን አያያዡ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በአማርኛ አያያዡ ከግሱ ጋር ተጣብቆ የሐሳቡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፦ «ቢሆንም»፣ «ስለሆነ»፣ «እስኪሆን»። እንግሊዝኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፊት ያስቀድመዋል፤ «ኦልዞው»፣ «ዴስፓይት»፣ «ሲንስ» እያለ ገና ሲነሣ አቅጣጫውን ይናገራል። መጨረሻውን መጠበቅ የለመደ አንባቢ የመጀመሪያዋን ቃል ዘሎ ያልፍና ወደ ከባዱ ቃል ይሮጣል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እያንዳንዱን አያያዥ በእርሳስ መክበብ፣ አማራጮቹን ከማየት በፊትም ክፍት ቦታውን በራስ ቃል፣ በአማርኛም ቢሆን፣ መሙላት ትልቅ ጥቅም አለው።

ምንባቡ ላይ የሚያሳስተው ሌላ ነው፤ የራሳችን ዕውቀት። ለማስረዳት ያህል ይህችን አጭር ምንባብ እንፍጠር፦ «በአንድ ወረዳ ገበሬዎች የገብስ ማሳቸውን ባሕር ዛፍ ከተከሉበት ወዲህ በገበያው የገብስ ዋጋ ጨምሯል። ስለዚህ ዋጋውን ያስወደደው የባሕር ዛፉ መስፋፋት ነው።» ጥያቄው «ድምዳሜውን ይበልጥ የሚያዳክመው የትኛው ነው?» የሚል ይሁን። ሀ፦ ባሕር ዛፍ የመሬቱን ውኃ ይመጥጣል። ለ፦ በዚያው ጊዜ ባሕር ዛፍ ባልተተከለባቸው ወረዳዎችም የገብስ ዋጋ በዚያው መጠን ጨምሯል። ሐ፦ አጣና ከገብስ የተሻለ ገቢ ያስገኛል።

በጮቄ ተራራ ግርጌ ያደገ ልጅ ስለ ባሕር ዛፍና ስለ ውኃ ሲነገር ሰምቶ ስላደገ እጁ ወደ «ሀ» ሊሄድበት ይችላል። ምንባቡ ግን ስለ ውኃ አልጠየቀም። «ሐ» ገበሬው ለምን ባሕር ዛፍ እንደ ተከለ ያስረዳል እንጂ ድምዳሜውን አይነካም። «ለ» ግን ባሕር ዛፍ በሌለበትም ዋጋው ከጨመረ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል፤ መልሱ እሱ ነው። በቨርባል እውነት የሆነ አማራጭ ሁሉ መልስ አይሆንም። «ሁልጊዜ»፣ «ብቻ»፣ «ፈጽሞ» እያሉ ምንባቡ ከተናገረው አልፈው የሚሄዱ አማራጮችንም በጥርጣሬ ማየት ያስፈልጋል።

ታዲያ ቃላት ማጥናት አያስፈልግም ማለት ነው? ያስፈልጋል፤ አጠናኑ ግን ይለያል። የጎጃም ሰው ለዚህ ሩቅ ምሳሌ መፈለግ የለበትም። ስመ ጥር ከሆኑት የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ የዚሁ አገር ናቸው። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ሐዲስ አለማየሁም ወደ ዘመናዊው ትምህርት የገቡት በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ካለፉ በኋላ ነው። የቅኔ ተማሪ የግእዝ ግስ ከነፍቺው ያጠናል፤ አጥንቶ ግን ዝም አይልም። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርሙታል። ቃሉ የራሱ የሚሆነው ሲሠራበት ነው። የእንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው፤ በቀን ዐሥር ቃል መርጦ፣ በእያንዳንዱ አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ፣ ለጓደኛ አሳይቶ ማሳረም መቶ ቃል ከነፍቺው ከመሸምደድ ይበልጣል።

በተለይ የምናውቃቸው የሚመስሉንን ቃላት መጠንቀቅ ይገባል። «ኳሊፋይድ» የሚለውን ሁላችንም ከሥራ ማስታወቂያ እናውቀዋለን። በምንባብ ውስጥ አንድ ደራሲ «ኳሊፋይድ» ምስጋና አቀረበ ሲባል ግን ምስጋናው ገደብ አለው፣ ከኋላው «ነገር ግን» ይከተለዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ፍቺ የሚያስተምረው ብዙ ማንበብ ነው። «ዘ ሪፖርተር» እና «አዲስ ፎርቹን» የተባሉት የእንግሊዝኛ ጋዜጦቻችን ርእሰ አንቀጾች ለልምምድ ጥሩ ናቸው፤ ጉዳዩን ስለምናውቀው ትኩረታችንን ለአጻጻፉ መስጠት እንችላለን። በሚያመለክቱበት ሙያ የወጡ የጥናት ጽሑፎችም እንዲሁ። እያንዳንዱን አንቀጽ አንብቦ «ጸሐፊው ምን አለ? ለምን አለ?» የሚለውን በአንድ መስመር መጻፍ ልማድ ይሁን።

ዝግጅቱ ሁለት ወይም ሦስት ወር ቢያገኝ መልካም ነው። በመጀመሪያው ወር ሰዓት አይያዝ፤ ዓላማው በትክክል መሥራት ነው። ከዚያ በኋላ የስሕተት ደብተር ይከፈት፤ የሳቱት ጥያቄ፣ የመረጡት አማራጭና የሳቱበት ምክንያት ይጻፍበት። «ቃሉን አላውቀውም»፣ «አያያዡን ዘለልሁት»፣ «ምንባቡ ያላለውን ጨመርሁ» ከሚሉት የትኛው እንደሚደጋገም ደብተሩ ይናገራል፤ ቀሪው ጊዜም በዚያ ላይ ይዋል። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት በሰዓት የሚሠሩ ናቸው።

በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም። ስለዚህ መስመር በተገኘ ጊዜ ማውረድና ማተም ብልህነት ነው። ኢቲኤስ ሁለት ሙሉ የመለማመጃ ፈተናዎችን በነፃ ያቀርባል፤ ሌላ ከመግዛት በፊት እነሱን አሟጦ መጠቀም ይበጃል። የጂአርኢ ክፍያ 220 ዶላር ስለሆነ ለሙከራ ተብሎ የሚገባበት አይደለም። ውጤቱ ግን አምስት ዓመት ያገለግላል።

በፈተናው ዕለት አንድ ጥያቄ ላይ መቸከል አያስፈልግም። ጂአርኢ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀንስ ባዶ የሚተው ጥያቄ ሊኖር አይገባም፤ ያጠራጠረውን ምልክት አድርጎ ማለፍና በዚያው ክፍል ሰዓት ውስጥ መመለስ ይቻላል። የቨርባሉ ሁለተኛ ክፍል ክብደት የሚወሰነው በመጀመሪያው ክፍል ውጤት ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ 12 ጥያቄዎች በጥሞና መሠራት አለባቸው።

ብቻውን ከሚያጠና ሰው ይልቅ ሦስት አራት ሆነው የሚያጠኑ ብዙ ያተርፋሉ፤ አንድ ደንብ ካከበሩ ግን ነው። ማንም «መልሱ ለ ነው» ብሎ እንዳያበቃ፤ የቀሩት አማራጮች እያንዳንዳቸው ለምን እንዳልሆኑ ከምንባቡ መስመር ጠቅሶ ያስረዳ። ገብቶት የመለሰና ገምቶ ያገኘ ያኔ ይለያሉ። ማስተርስ የገባ ሰውም የሌሎችን ጥናት ሲመረምር፣ የራሱን መመረቂያ ጽሑፍ በፈታኞች ፊት ሲያቀርብ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በቨርባል ላይ የሚጠፋ ጊዜ የለም፤ ትምህርቱ ከመግቢያ ፈተናው በፊት ተጀምሯል።