ክረምት በኪራይ አፓርታማ፦ ግቢ ለሌላቸው ልጆች



ናይሮቢ ከምድር ወገብ አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ ሳለ ከጁን እስከ ኦገስት ለምን ትበርዳለች? ምክንያቱ ሦስት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በእነዚህ ወራት ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነፍሰው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስም ዝቅ ያለ ደመና እያመጣ ማለዳውን ይሸፍናል። ስለዚህ ጊዜው ከአገር ቤት ክረምት ጋር ቢገጥምም፣ የናይሮቢው ከዝናብ ይልቅ የደመናና የብርድ ወቅት ነው።

በኦገስት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙ ልጆቻችን ፎቅ ላይ፣ በር ተዘግቶባቸው ይውላሉ። ብዙዎቻችን ወላጆች ያደግነው ግቢ ውስጥ ስንሯሯጥ ነው። ለእነሱ ያለው ሳሎንና ጠባብ በረንዳ ስለሆነ ቀኑን ስልኩ ይወስደዋል። ሆኖም ያለ ብዙ ወጪ፣ የአከራዩን ግድግዳ ሳንበሳ፣ የታች ጎረቤትንም ሳንረብሽ ልንሠራ የምንችለው ብዙ ነገር አለ።

ገበጣ፦ 30 እንቁላል የሚይዝ የካርቶን ትሪ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያላቸው 5 ረድፎች አሉት። ሁለቱን ረድፍ ቆርጣችሁ አውጡ፤ በየጉድጓዱ 4 የባቄላ ፍሬ ጨምሩ፤ በ48 ፍሬ ገበጣ መጫወት ትችላላችሁ። የጎረቤት ልጆች ባኦ ያውቁ ይሆናል፤ እሱ 4 ረድፍ፣ በየረድፉ 8 ጉድጓድ፣ በጠቅላላው 64 ፍሬ አለው። እናንተ ገበጣ አስተምሯቸው፣ እነሱ ባኦ ያስተምሯችሁ። ሁለቱም መቁጠርንና አርቆ ማሰብን ያለማምዳሉ።

እንቆቅልሽ፦ እኛ «እንቆቅልህ» ስንል «ምን አውቅልህ» ይባላል፤ በስዋሂሊ «ኪቴንዳዊሊ» ሲባል «ቴጋ» ተብሎ ይመለሳል። መልሱ የጠፋበት ሰው እኛ ዘንድ አገር ይሰጣል፤ እነሱ ዘንድ ከተማ ይሰጣል። እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አንድ እንቆቅልሽ ከአያቱ ወይም ከአክስቱ በስልክ ጠይቆ በደብተሩ ይጻፍ። በዚያውም አማርኛው ይዳብራል።

የመስኮት ላይ እርሻ፦ በባዶ ጣሳ በሶብላ፣ ጤና አዳም ወይም የጥብስ ቅጠል ትከሉ። ጣሳው ሥሩ ይበሳ፤ ውኃው ወደ ታች ጎረቤት እንዳይንጠባጠብ ሳህን ይቀመጥበት። ነፋስ ጥሎት መንገደኛ እንዳይጎዳ ከበረንዳው ብረት በውስጥ በኩል አኑሩት።

የአየር ማስታወሻ፦ በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደመናውንና ብርዱን መዝግቡ። በስዋሂሊም ይህ ሰዓት «ሳ ሞጃ»፣ ማለትም አንድ ሰዓት ነው፤ አቆጣጠራችን አንድ ነው። አገር ቤት ያሉ ዘመዶችን ጠይቃችሁ የእነሱን ክረምት ጎን ለጎን ጻፉ።

በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ እንውጣ። ካሩራ ደን ከከተማው መሃል ሩቅ አይደለም። ይህ ደን ለግንባታ እንዳይሰጥ በ1999 በግንባር ቀደምነት የታገሉት ዋንጋሪ ማታይ በ2004 የሰላም ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ልጆች ጥላው ሥር ሲሄዱ ይህን ታሪክ ንገሯቸው።

በመጨረሻ፣ ከሁሉ አጥብቄ የማሳስባችሁ ስለ ከሰል ነው። ብርዱን ለማባረር ወይም ቡና ለማፍላት የከሰል ምድጃ ወደ ክፍል አስገብቶ መስኮት መዝጋት ይገድላል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ስለዚህ ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ቢቀላም አደጋው አለ። ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ ከተሰማችሁ ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ፤ ሕክምናም ፈልጉ። ለብርዱ ሹራብ፣ ጋቢና ትኩስ ሻይ ይበቃል፤ ከሰል አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ፈጽሞ አትተኙ።

ልጆች፣ የአየር ማስታወሻችሁንና የእንቆቅልሽ ደብተራችሁን ትምህርት ሲከፈት ይዛችሁ ኑ፤ በክፍል ውስጥ እናነባቸዋለን።

መልካም የእረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።

ርእሰ መምህር