በራስ ስም የሚመጣ ደብዳቤ

በራስ ስም የኢሜይል አድራሻ ማውጣት የሚፈልግ ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ፥ ገንዘቡን ከመክፈሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል። አንደኛው ዶሜን የሚባለው ስም ነው፤ ሁለተኛው ደብዳቤው የሚቀመጥበት የኪራይ ቤት ነው።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ኤምኤክስ የተባለ አጭር መዝገብ ነው። አከራዩ ዋጋ ቢጨምር መዝገቡን ለውጦ ወደ ሌላ መሄድ ይቻላል፤ አድራሻው ግን አይለወጥም። ጉግል የግል ዶሜን ላላቸው በነጻ ይሰጠው የነበረውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2012 ለአዲስ ገቢዎች ዘግቷል። ስለዚህ ነጻ ነው ተብሎ ብቻ አይገባም።

እንግዲህ ርካሹ የትኛው ነው? በመጀመሪያ ዋጋው በምን እንደሚቆጠር ይጠየቅ። ብዙዎቹ አከራዮች በተጠቃሚው ቍጥር ያስከፍላሉ፤ የስዊሱ ሚጋዱ ግን የሚያስከፍለው በሚገባውና በሚወጣው ደብዳቤ መጠን ስለሆነ፥ ጥቂት ለሚጻጻፉ ቤተሰቦች ይስማማል። ቀጥሎም አይማፕ የተባለው መንገድ መፈቀዱ ይታይ፤ እርሱ ከሌለ የተጠራቀመውን ደብዳቤ ይዞ መውጣት ይቸግራል። ኤስፒኤፍና ዲኪም የሚባሉት ማረጋገጫዎችም ይሟሉ፤ ያለ እነርሱ የላኩት ማመልከቻ ከአይፈለጌ መልእክት ጋር ተጥሎ ሊቀር ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የስሙ ዓመታዊ ክፍያ አይዘንጋ። ሳይታደስ የቀረውን ስም ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል፤ ከዚያም በኋላ ለቀድሞው ባለቤት የሚላከውን ደብዳቤ፥ የባንክና የሥራ ይለፍ ቃል ማደሻውን ጭምር፥ የሚቀበለው አዲሱ ገዥ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያጠረው ሰው በቤቱ ኪራይ ይቆጥብ እንጂ በስሙ ማሳደሻ አይቆጥብ።