የጾም ገበታችንና የአንጀት ባክቴሪያዎች

ጾም የነፍስ ሥርዓት እንጂ የሐኪም ማዘዣ አይደለም። ይህን አስቀድመን የምንናገረው፣ ከዚህ በታች የምናብራራው ጉዳይ ጾምን ለሥጋ ጥቅም ብቻ የታዘዘ እንዳያስመስለው ነው። ሆኖም በጾም ወራት በገበታችን ላይ የሚቀርበው ምን እንደ ሆነ ሰበካ ጉባኤያትን ሊያሳስብ ይገባል።

የምንበላው ሁሉ በጨጓራና በትንሹ አንጀት ተፈጭቶ አያልቅም። የምስር፣ የባቄላ፣ የሽምብራና የጎመን አሰር፣ እንዲሁም ከነቅርፊቱ የሚፈጨው የጤፍ አሰር፣ እስከ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። በዚያ የሚኖሩት በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች፣ እርሾ ሊጥን እንደሚያቦካ፣ አሰሩን አብላልተው አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የተባሉ አሲዶችን ያወጣሉ። ቡቲሬት የትልቁን አንጀት ግድግዳ ለሚሸፍኑት ሕዋሳት ዋነኛው የኃይል ምንጭ ነው።

ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩት ግን በቀረበላቸው ነው። በቀይ ሥጋ በብዛት የሚገኘውን ካርኒቲን ትራይሜቲላሚን ወደሚባል ውሕድ ይለውጡታል፤ ጉበትም ይህንኑ ቲኤምኤኦ ወደተሰኘ ሌላ ውሕድ ይቀይረዋል። የቲኤምኤኦ በደም ውስጥ መብዛት ከልብና ከደም ሥር ሕመም ጋር ተያይዞ ታይቷል፤ መንሥኤው እርሱ ራሱ ስለ መሆኑ ግን ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። በአሜሪካ የክሊቭላንድ ክሊኒክ ተመራማሪዎች በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ ካርኒቲን ከተሰጣቸው ሰዎች መካከል ከእንስሳት ምግብ ለረጅም ጊዜ የተቆጠቡት ከሥጋ በሎቹ እጅግ ያነሰ ቲኤምኤኦ አመነጩ። እኛ ጾምና ፍስክን የምናፈራርቅ በመሆናችን ይህን ውጤት እንዳለ ለራሳችን መውሰድ አንችልም።

ከሥጋና ከወተት መራቅ ብቻውን እነዚህን ባክቴሪያዎች አይመግብም። የፉርኖ ዱቄት ዳቦ፣ ማካሮኒና ለስላሳ መጠጥ የጾም ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኛው ክፍላቸው በትንሹ አንጀት ወደ ደም ስለሚገባ ለትልቁ አንጀት የሚተርፈው ጥቂት ነው። በአንዳንድ ሰንበቴ ቤቶች እነዚህ ንፍሮንና የባቄላ ወጥን እያስወጡ መምጣታቸው ያሳዝነናል። ስንዴና ባቄላ ተቀቅሎ የሚዘጋጀው የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን እኮ አባቶቻችን ያቆዩልን የተሟላ ምግብ ነው።

ስለዚህ ዝክርና ሰንበቴ የሚያሰናዱ ኮሚቴዎች የግዢ ዝርዝራቸውን ሲያወጡ ጥራጥሬውን እንዲያስቀድሙ እንጠይቃለን። ጥራጥሬ ያለመዱ ሰዎች ሆዳቸው ሊነፋ ይችላል፤ ይህም የባክቴሪያዎቹ ሥራ የሚያወጣው ጋዝ ነው። ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ መጠኑንም ቀስ በቀስ መጨመር ይረዳል። የስኳር፣ የኩላሊት ወይም የአንጀት ሕመም ያለባቸው ምእመናን ግን አመጋገባቸውን ከመለወጣቸው በፊት ሐኪማቸውን፣ ስለ ጾሙም የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ካህናት ያሳስቧቸው።