ቋሚ የምንዛሬ ዋጋ አገርን እንዴት ለቀውስ ይዳርጋል?

በ2002 ከ5,000 በላይ አይሁዶች ከአርጀንቲና ወደ እስራኤል መጡ። ብዙዎቹን ያስመጣቸው የገንዘብ ቀውስ ነበር። ምክንያቱን ባጭሩ እንመልከት።

በ1991 የአርጀንቲና መንግሥት 1 ፔሶ በ1 ዶላር እንዲመነዘር በሕግ ወሰነ። የኑሮ ውድነቱም ጋብ አለ። መንግሥት ግን በዶላር መበደሩን ቀጠለ። በ1999 የጎረቤቷ የብራዚል ገንዘብ ሲረክስ፣ የአርጀንቲና ዕቃ በውጭ ገበያ ተወደደ። ከሽያጭ የሚገባው ዶላር አነሰ፤ ዕዳው ግን እንዳለ ነበር። ሕዝቡ ሰግቶ ገንዘቡን ለማውጣት ወደ ባንክ ሮጠ።

በዲሴምበር 2001 መንግሥት በሳምንት ከ250 ፔሶ በላይ በጥሬው ማውጣትን ከለከለ። በጃንዋሪ 2002 ቋሚው ዋጋ ቀረ፤ በዓመቱ አጋማሽ 1 ዶላር ከ3 ፔሶ በላይ ሆነ። በባንክ ዶላር ያስቀመጡ ሰዎች እንኳ ገንዘባቸው በ1.40 ሂሳብ ወደ ፔሶ ተለወጠባቸው።

ከዚህ የምንረዳው፣ ምንዛሬን የሚያጸናው ሕጉ ብቻ ሳይሆን በካዝና ያለው ዶላር መሆኑን ነው።