እምቢ ያለ መሳቢያ

ደህና የነበረ ጠረጴዛ ወይም ቁም ሳጥን መሳቢያው አልከፈት ስላለ ብቻ ሲጣል ማየት ያሳዝናል። እንጨቱም ላሜራውም ጤነኛ ነው። ያስቸገረው በመሳቢያው ግራና ቀኝ የተሰወረው የብረት ሐዲድ ሲሆን፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ አልተሰበረም፤ ቆሽሿል እንጂ።

ሐዲዱ በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በትናንሽ የፕላስቲክ ጎማዎች የሚንከባለል ነው። ሁለተኛው እርስ በርስ የሚገቡ የብረት ክፍሎች አሉት፤ በመካከላቸው በመያዣ የተደረደሩ የኩሽኔታ ብዮች ይሽከረከራሉ። ይህኛው በየጎኑ በተለምዶ 12.7 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈልጋል። እንጨቱ በእርጥበት ሲያብጥ ክፍተቱ ይጠባል፤ ብዮቹም ይጨናነቃሉ።

ዋናው ጠላት ግን ያረጀ ግራሶ ነው። ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፣ አቧራ ይይዛል፣ እንደ ሙጫ ይጠነክራል፤ ብዮቹ መንከባለል ትተው ብረቱን ይፍቃሉ። በዚህ ላይ ዘይት ማፍሰስ ለጥቂት ጊዜ ያላላል፤ ቆሻሻው ግን እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ የተሠራው ደብሊው ዲ 40 የተባለው ፈሳሽ እንኳ የመጀመሪያ ዓላማው ውሃን ከብረት ማራቅና ዝገትን መከላከል ነበር። የተጣበቀውን ያላቅቃል፤ የግራሶን ሥራ ግን ለረጅም ጊዜ አይሠራም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ማላቀቅ፣ ማጽዳት፣ ከዚያ ማለስለስ ነው። በመጀመሪያ ሌሎቹ መሳቢያዎች በደንብ መዘጋታቸውን ይመልከቱ፤ ብዙ የላሜራ ፋይል ካቢኔቶች እንዳይገለበጡ ሲባል በአንድ ጊዜ ከአንድ መሳቢያ በላይ አያስከፍቱም። ከዚያ መዶሻ ሳያነሱ፣ ግራና ቀኙን እያፈራረቁ በቀስታ ይሳቡ። ባለ ጎማው እስከ መጨረሻው ተስቦ ፊቱ ከፍ ሲል ይወጣል። ባለ ብዩ በየጎኑ ትንሽ የፕላስቲክ መልቀቂያ አለው፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይጫናል።

የደረቀውን ግራሶ በላምባ በተነከረ ጨርቅና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱ፤ ላምባ ተቀጣጣይ ስለሆነ መስኮት ይከፈት፣ እሳትም ይራቅ። ቀላል ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ወጣ ያለ ብሎን ካለ በካቻቪቴ ይጠበቅ፤ አንድ የብሎን ጭንቅላት ብቻውን መሳቢያ ሊያቆም ይችላልና። ሐዲዱ ሲደርቅ ለብዮቹ በጣም ስስ ግራሶ ይበቃል። የፕላስቲክ ጎማ ግን ንጹሕና ደረቅ ቢሆን ይሻላል።

ባለ ብዩን ሲመልሱ የብዮቹን መያዣ ወደ ፊት ስበው ያስገቡ፤ አለበለዚያ ብዮቹ ይበተናሉ። ብዮች የጎደሉበት ወይም የተጣመመ ሐዲድ ካገኙ፣ ተዘግቶ ሳለ ርዝመቱን ለክተው ሁለቱን ጎን አብረው ይቀይሩ። የሚቀየረው ሐዲዱ ነው፤ ጠረጴዛው ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል።