እውነት ወይስ ተረት? በእንግሊዝኛ ስለ መጠየቅ የሚነገሩ ነገሮች

እንግሊዝኛን የተማርነው በመመለስ ነው። ክፍል ውስጥ መምህሩ ይጠይቃል፣ ተማሪ እጁን ያወጣል፤ ፈተና ላይ ጥያቄው ተጽፎ ይመጣል፣ የእኛ ሥራ ከኤ እስከ ዲ ካሉት ፊደሎች አንዱን ማክበብ ነው። ጥያቄን ራሱን ማዋቀር የሚለማመድ ተማሪ ጥቂት ነው። ስለዚህም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት የጨረሰ ወጣት አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ «መግቢያው የት ነው?» ለማለት ምላሱ ይተሳሰርበታል። ከልምምድ ማነስ ሌላ፣ ስለ ጥያቄ የያዝናቸው አንዳንድ እምነቶችም ያደናቅፉናል።

ተረት፦ ድምፅን መጨረሻ ላይ ከፍ ማድረግ ይበቃል።

በአማርኛ ይበቃል። «መጣ» ብለን ድምፃችንን ከፍ ስናደርገው ጥያቄ ይሆናል። እንግሊዝኛም አንዳንዴ ይፈቅደዋል፤ ሰው ሲገረም ወይም የሰማውን ሲያረጋግጥ «ዩ አር ሊቪንግ?» ይላል። መልሱን ሳያውቅ የሚጠይቅ ሰው ግን ረዳት ግሱን ከባለቤቱ ፊት ያመጣዋል፦ «አር ዩ ሊቪንግ?»። ድምፅም ቢሆን ሁልጊዜ ወደ ላይ አይወጣም። በዋት፣ በዌር ወይም በዋይ የሚጀምር ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ዝቅ ይላል።

ተረት፦ የጥያቄውን ቃል ፊት ካስቀመጡ ሌላው በራሱ ይስተካከላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። «የት ትኖራለህ?» ስንል ማን እንደሚኖርም መቼ እንደሆነም ግሱ ራሱ ይነግረናል። «ዌር ዩ ሊቭ?» የሚለው ስህተት የሚመጣውም ከዚህ ልማድ ነው። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ ቦታ ይሰጠዋል፦ መጀመሪያ የጥያቄ ቃል፣ ቀጥሎ ረዳት ግስ፣ ከዚያ ባለቤት፣ በመጨረሻ ዋና ግስ። «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?»። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቀድሞ ኢዝ፣ ካን፣ ዊል ወይም ረዳት የሆነ ሃቭ ካለ እሱ ራሱ ወደ ፊት ይመጣል። ከሌለ ዱ ወይም ዳዝ ይገባል፤ ነገሩ ያለፈ ከሆነ ደግሞ ዲድ።

ዲድ ከገባ ኃላፊ ጊዜውን የሚሸከመው እሱ ነው፤ ዋናው ግስ ባዶውን ይቀራል። «ዲድ ዩ ዌንት?» ማለት ያለፈውን ጊዜ ሁለቴ መናገር ስለሆነ ትክክሉ «ዲድ ዩ ጎ?» ነው።

ይህ የዱ ነገር ግራ የሚያጋባው ሰው ሊጽናና ይገባዋል። በሼክስፒር ዘመን፣ ከ1564 እስከ 1616 ባሉት ዓመታት፣ እንግሊዞች ዋናውን ግስ ራሱን ከባለቤቱ ፊት አምጥተውም ይጠይቁ ነበር። ያኔ ሁለቱም መንገድ ጎን ለጎን ይሠራ ነበር፤ በዱ መጠየቅ የተለመደው መንገድ የሆነው ቀስ በቀስ ነው።

ታዲያ ዱ ሁልጊዜ ያስፈልጋል? አያስፈልግም። የምንጠይቀው ስለ ባለቤቱ፣ ማለትም ድርጊቱን ስለ ፈጸመው ሰው ሲሆን ቦታ የለውም። የገዛ ቋንቋችን ይህን በደንብ ያስረዳናል። «ማን ጠራህ?» እና «ማንን ጠራህ?» የሚሉትን እንያቸው። ግሱ በጽሕፈትም በንባብም አንድ ነው፤ ጠሪውን ከተጠሪው የለየችው «ን» ብቻ ናት። በእንግሊዝኛ ያንን ሥራ የሚሠራው ዲድ ነው፦ «ሁ ኮልድ ዩ?» ሲባል ጠሪውን እየጠየቅን ነው፤ «ሁ ዲድ ዩ ኮል?» ሲባል ደግሞ የተጠራውን። ይህን ልዩነት ጆሮው የለመደ ተማሪ ከባዱን ተራራ ወጥቶታል ብዬ አምናለሁ።

ተረት፦ ጥያቄ በመስተዋድድ ማለቅ የለበትም።

«ዌር አር ዩ ፍሮም?» ፍጹም ትክክል ነው። ለክልከላው መነሻ ከሚጠቀሱት አንዱ ባለቅኔው ጆን ድራይደን ሲሆን፣ በ1672 የቤን ጆንሰንን ጽሑፍ በዚህ ምክንያት ነቅፎ ነበር። ሕዝቡ ግን መናገሩን አልተወም።

ተረት፦ ጥያቄን ትሑት የሚያደርገው «ፕሊዝ» ነው።

እኛ አክብሮትን «እርስዎ» በማለትና በግሱ እናሳያለን። የዛሬው እንግሊዝኛ ለታናሽም ለታላቅም አንድ «ዩ» ብቻ ስላለው ትሕትናው ወደ ጥያቄው አቀራረብ ይሄዳል። «ዌር ኢዝ ዘ ክሊኒክ?» ከማለት «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌር ዘ ክሊኒክ ኢዝ?» ይለሰልሳል። ጥያቄው በሌላ ጥያቄ ውስጥ ሲገባ ቅደም ተከተሉ ወደ ተራ ዓረፍተ ነገር መመለሱን ልብ ይሏል፤ ኢዝ መጨረሻ ላይ ሄዷል።

ተረት፦ «የስ» ማለት አዎ፣ «ኖ» ማለት አይደለም ነው፤ በቃ።

ለአሉታዊ ጥያቄ ግን አይሠራም። «አልበላህም?» ሲባል ያልበላው ሰው «አዎ፣ አልበላሁም» ይላል፤ የጠያቂውን ግምት ማጽደቁ ነው። በእንግሊዝኛ መልሱ የሚከተለው ድርጊቱን ነው፤ ካልተፈጸመ «ኖ» ነው። ነርስ «ዲድንት ዩ ቴክ ዘ ሜዲስን?» ብላ ስትጠይቅ መድኃኒቱን ያልወሰደ ሰው «የስ» ብሎ ዝም ካለ ወስጃለሁ ማለቱ ሊመስላት ይችላል። ስለዚህ መልስን ማሟላት ይበጃል፦ «ኖ፣ አይ ዲድንት»።

ተረት፦ ያልገባንን መልሶ መጠየቅ አለማወቅን ማጋለጥ ነው።

ይህ እምነት ወገኖቻችንን ብዙ ስለሚያስጨንቅ በጣም ያሳስበኛል። አሜሪካ ለዜግነት የሚያመለክት ሰው በቃለ መጠይቁ ላይ በኤን 400 ቅጽ የሞላውን ይጠየቃል። ብዙዎቹ ጥያቄዎች «ሃቭ ዩ ኤቨር» ብለው የሚጀምሩ ናቸው፤ ኤቨር ማለት ዛሬ ብቻ ሳይሆን በሕይወት ዘመን አንድም ጊዜ ቢሆን ማለት ነው። ያንን ቃል ሳይሰማ የሚመልስ ሰው ሳያውቅ የተሳሳተ ቃል ሊሰጥ ይችላል። አመልካቹ እንዲደገምለት መጠየቅ ይችላል፤ መርማሪውም ጥያቄውን በሌላ አነጋገር ሊያቀርብለት ይችላል። «ኩድ ዩ ሪፒት ዛት፣ ፕሊዝ?» የምትለዋን ጥያቄ አጥንቶ መግባት ብዙ ቃላት ከመሸምደድ ይጠቅማል። ለዜግነት የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ንባብ ፈተና የቃላት ዝርዝር ራሱ ሁ፣ ዋት፣ ዌን፣ ዌር፣ ዋይና ሃው የሚሉትን የጥያቄ ቃላት ለብቻ መድቦ ይዟል።

ተረት፦ የአማርኛውን ጥያቄ ቃል በቃል መተርጎም ይቻላል።

«ስንተኛ» የሚለው አንድ ቃል በቂ ማስረጃ ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ አቻ የጥያቄ ቃል የለውም። «ስንተኛ ክፍል ነህ?» «ዋት ግሬድ አር ዩ ኢን?» ይሆናል፤ «ስንተኛ ፎቅ ነው?» «ዊች ፍሎር ኢዝ ኢት ኦን?»። «ለእናትህ ስንተኛ ልጅ ነህ?» ለማለት ግን ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ያስፈልጋል፤ «አር ዩ ዚ ኦልደስት?» ብሎ የበኩር ልጅ መሆኑን መጠየቅ አንዱ መንገድ ነው።

ለልምምድ አንድ ተራ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «አበበ ዌንት ቱ ሐዋሳ የስተርዴይ»። ስለ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ጥያቄ እናውጣ። ስለ አበበ ሲሆን «ሁ ዌንት ቱ ሐዋሳ የስተርዴይ?»፤ ዲድ አልገባም፣ ግሱም አልተነካም። ስለ ሐዋሳ ሲሆን «ዌር ዲድ አበበ ጎ የስተርዴይ?»፤ ስለ ትናንት ሲሆን «ዌን ዲድ አበበ ጎ ቱ ሐዋሳ?»። ከዚያ ዌንትን በዊል ጎ፣ የስተርዴይን በቱሞሮው ተክቶ ሦስቱንም ጥያቄ ድምፅን ከፍ አድርጎ እንደገና መጠየቅ ነው።